ፍራንሲስ ሳንጎርስኪ፤ መጽሐፍን እንደ ቃሉ ያለበሰ ጠራዥ

ዓለም ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ነገሥታትን፣ የጦር አለቆችንና ታላላቅ ደራሲዎችን ነው። መጽሐፍ በእጃችን በያዝን ጊዜም ደራሲው ማን እንደ ሆነ እንጠይቃለን። ወረቀቱን አጥፎ፣ በክር ሰፍቶ፣ በቆዳ ለብጦ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ያደረገውን ጠራዥ ግን ስሙን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ጠራዥን የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። ይህ ሰው ፍራንሲስ ሳንጎርስኪ ይባላል። በዚህ ዓለም የኖረው 37 ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ሥራውም በውቅያኖስ ሰጥሞ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በመጻሕፍት ወዳጆች ዘንድ ስሙ ይነሣል። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ከታሪኩ እንመለከታለን። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እናሳስባለን።

ትምህርቱና መምህሩ

ሳንጎርስኪ የተወለደው በ1875 ዓ.ም. ሲሆን ሙያውን የተማረውና የሠራው በለንደን ከተማ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር መጻሕፍት በብዛትና በርካሽ ዋጋ የሚወጡት በመኪና ኀይል ነበር። ሽፋናቸው ከካርቶንና ከጨርቅ ለብቻው ተሠርቶ በመጨረሻ በሙጫ ይለጠፍባቸው ነበር። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ ከድኾች ቤት ሳይቀር ለመግባት ቻለ፤ ይህም ትልቅ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን የጥንቱ የእጅ ሙያ እየተረሳ፣ የሠራተኛውም እጅ የመኪና ረዳት ብቻ እየሆነ ሄደ።

ይህን ነገር አይተው ካዘኑት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሞሪስ የሚባለው ባለ ቅኔና የእጅ ጥበብ ሰው ነበር። የሞሪስ ወዳጅ የነበረው ኮብደን ሳንደርሰን የሕግ ጠበቃ ነበር፤ በ1883 የሞሪስ ባለቤት የመጽሐፍ ጥረዛ እንዲማር ብትመክረው ምክሯን ተቀብሎ፣ 42 ዓመት ሞልቶት ሳለ፣ ከአንድ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ እንደ ልጅ ተማሪ ሙያውን ተማረ። በኋላም በ1893 ሐመርስሚዝ በሚባለው የለንደን ሰፈር የራሱን የጥረዛ ቤት አቋቋመ። በዚያ ቤት ከተማሩት መካከል ዳግላስ ኮከረል የሚባል ወጣት ነበረ፤ ይኸው ኮከረል ደግሞ ለሳንጎርስኪ መምህር ሆነው። እንግዲህ ሙያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተላለፈ እንደ መጣ ልብ እንበል፤ ይህ ነገር በታሪኩ መጨረሻ ያስፈልገናልና።

በ1896 የለንደን ከተማ ምክር ቤት የእጅ ጥበብ የሚማሩበት አንድ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ከፈተ። የትምህርቱ ሰዓት ማታ ነበርና ቀን በሥራ ላይ የሚውሉ ወጣቶች ከሥራ በኋላ ለመማር ቻሉ። ኮከረል በዚያ ትምህርት ቤት የጥረዛ ሙያ ያስተምር ነበር። ሳንጎርስኪም ጆርጅ ሳትክሊፍ ከሚባል ሌላ ወጣት ጋር የተዋወቀው በዚሁ የማታ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ በትጋታቸው ተመርጠው በ1898 በዓመት 20 ፓውንድ የሚከፈል የመማሪያ ርዳታ አገኙ፤ ቀጥሎም በመምህራቸው የጥረዛ ቤት ተቀጠሩ። ካምበርዌል በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤትም ራሳቸው የጥረዛ መምህራን እስከ መሆን ደረሱ።

በ1901 ግን ገበያው ስለ ቀዘቀዘ ሁለቱም ከሥራ ተሰናበቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ሙያውን ትቶ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ነበር። እነርሱ ግን ብሉምስበሪ በሚባል ሰፈር ከአንድ ቤት ጣራ ሥር ያለች ክፍል ተከራዩና በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ሳንጎርስኪና ሳትክሊፍ የሚል ስም ሰጥተው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ሥራ ማጣታቸው በራሳቸው እጅ ለማደር ምክንያት ሆናቸው።

ጥረዛ እንዴት ያለ ሙያ ነው

የሳንጎርስኪን ችሎታ ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ጠራዡ በመጀመሪያ የታተሙትን ወረቀቶች በየእጥፋቸው ደርድሮ በጀርባቸው ላይ ከተዘረጉ ገመዶች ጋር በክር ይሰፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ጀርባውን በመዶሻ ቀስ እያለ መትቶ ክብ ያደርገዋል፤ የገመዶቹንም ጫፍ በሁለቱ ገበታዎች ቀዳዳ አሳልፎ ያጠብቃል። እንዲህ የተሠራ መጽሐፍ ገበታውና ገላው አንድ አካል ነው። ቀጥሎ የፍየል ቆዳ፣ ማለት በአገራችን ባሕረ ዐረብ የምንለውን ዐይነት፣ ጠርዙን በስለት እየፋቀ አሳስቶ በገበታው ላይ ያለብሰዋል።

ጌጡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥዕሉ በስስ ወረቀት ላይ ተነድፎ በቆዳው ላይ ይቀመጣል፤ በጋለ የነሐስ መደጐሻም በወረቀቱ ላይ እየተጫኑ ምልክቱን ወደ ቆዳው ያሳልፉታል። ወረቀቱ ይነሣና ምልክቱ የእንቍላል ነጭ ይቀባል፤ በላዩም ከቅጠል ይልቅ የሳሳ ወርቅ ይነጠፍበታል። ያው መደጐሻ እንደ ገና ግሎ በዚያው ምልክት ላይ ሲጫን፣ ሙቀቱ የነካው ወርቅ ብቻ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ የቀረው ተጠርጎ ይነሣል። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ቆዳው ይቃጠላል፤ ከቀዘቀዘም ወርቁ አይዝም። እጁ ትንሽ ከሳተ የብዙ ቀን ድካም ይበላሻል። ቀለማም ሥዕል ሲፈለግ ደግሞ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የቆዳ ቍራጮች እንደ ሽንኵርት ልጣጭ ሳስተው እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይለጠፋሉ።

ይህን ስንጽፍ የአገራችንን ጠራዦችና ደጓሾች ሳናስታውስ አናልፍም። በአብያተ ክርስቲያናችን የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ከእንጨት ገበታ ጋር ተሰፍተው በቀላ ቆዳ ይለበጣሉ፤ በቆዳውም ላይ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይደጐስበታል። የሳንጎርስኪ መደጐሻና የእኛ ደጓሽ ብረት ሥራቸው አንድ ዐይነት ነው፤ ዋናው ልዩነት የለንደኑ ጠራዥ በብረቱ ሥር ወርቅ ማንጠፉ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በገበታው ላይ ያለውን መስቀል አይቶ በውስጡ ያለው ቃል ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ሽፋን ለቃሉ ምስክር መሆኑ እንግዲህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ሽፋኑ ቃሉን እንዲናገር

በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የቆዳ ሽፋን ጌጥ ከመጽሐፉ ቃል ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የሕግ መጽሐፍ ቢሆን፣ የፍቅር ልቦለድ ቢሆን፣ የባለቤቱ የቤተሰብ አርማ ወይም ያው የተለመደ ሐረግ ይደረግበት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ሽፋኑ የመጽሐፉን ርእስና መንፈስ እንዲናገር የሚሹ ጠራዦች ተነሡ። ለምሳሌ ያህል በ1893 ናንሲ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ቪክቶር ፕሩቬ፣ ካሚይ ማርተንና ሬኔ ቪነር የተባሉ ሦስት ባለ ሙያዎች ፍሎበር የጻፈውን ሳላምቦ የተሰኘ ልቦለድ በጋራ ጠርዘዋል። ልቦለዱ የጥንቷን የካርታጎ ከተማ የሚተርክ ነው፤ እነርሱም በቀለማም ቆዳ የልቦለዱን ባለ ታሪክ ሴትና የከተማይቱን አማልክት አሳዩበት። መጽሐፉ ገና ሳይገለጥ አንባቢው ካርታጎ ገባ ማለት ነው።

ሳንጎርስኪ ይህን አሳብ ወደ ፍጻሜ ካደረሱት ሰዎች አንዱ ነው። በጌጥ አሳቡ እጅግ የበለጸገ ስለ ነበር የሁለቱ ወጣቶች ስም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታወቀ። በተለይም የከበሩ ድንጋዮች የተፈረጡባቸው ሽፋኖች መታወቂያቸው ሆኑ። የሳንጎርስኪ ታላቅ ወንድም አልቤርቶም በቁም ጽሕፈትና በሐረግ ሥዕል የሠለጠነ ስለ ሆነ፣ እርሱ በእጁ የጻፋቸውን መጻሕፍት በዚሁ የጥረዛ ቤት ይጠርዙለት ነበር።

ታላቁ ዖመር

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንመጣለን። ዖመር ኻያም በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት በፋርስ አገር የኖረ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ ነበር። በስሙ የሚታወቁት ባለ አራት ስንኝ ግጥሞች ሩባይያት ይባላሉ፤ የሚናገሩትም ስለ ወይንና ስለ አበባ፣ ስለ ሕይወት ማጠርና ስለማይቀረው ሞት ነው። ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ የተባለ እንግሊዛዊ ግጥሞቹን በቋንቋው መልሶ በ1859 ሲያሳትማቸው የሚገዛ ሰው ጠፋ። ከዚህም የተነሣ ሻጩ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ከመጻሕፍት ቤቱ ደጅ በአንድ ፔኒ በሚሸጡት መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ አኖረው። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ግን ባለ ቅኔዎች አግኝተውት ስሙን አስጠሩት፤ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በብዛት ከሚነበቡት የግጥም መጻሕፍት አንዱ ሆነ። በ1884 ደግሞ በአሜሪካ ኤላይሁ ቬደር የተባለ ሠዓሊ ሥዕሎች የሠራለት ትልቅ እትም ወጣ።

በ1909 ሶዘራን የተባለው የለንደን የመጻሕፍት ነጋዴ ቤት ባልደረባ የነበረው ጆን ስቶንሃውስ፣ ይህንኑ የቬደር እትም ሳንጎርስኪ እንዲጠርዝለት አዘዘ። ዋጋ ሳይቈጥብ፣ ማንም ከዚያ በፊት ያላየውን ዐይነት ሽፋን እንዲሠራ ነጻነት ሰጠው። ብዙ ባለ ሙያዎች በዕድሜያቸው ሙሉ የሚመኙት እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ነው። ሳንጎርስኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ደከመበትና በ1911 ፈጸመው። ሥዕሉ እውነተኛ እንዲሆን ብሎ የሰው ራስ ቅል ተውሶ እንደ ነደፈ፣ የእባብ አፍ አከፋፈት ለማየትም ለንደን ወደሚገኘው የአራዊት ማኖሪያ ሄዶ እባቡ አይጥ ሲበላ እንደ ተመለከተ ይተረካል።

የሽፋኑ ብልጽግና በቍጥር ሲነገር የሚከተለውን ይመስላል። 1,050 የከበሩ ድንጋዮች፣ ማለት ቶጳዝዮን፣ ሩቢ፣ አሜቴስጢኖስ፣ መረግድና ሌሎችም፣ በወርቅ አቃፊነት ተተከሉበት። ወደ 5,000 የሚጠጉ የቀለማም ቆዳ ቍራጮች ተለጠፉበት። የፈጀው ስስ ወርቅ ቢዘረጋ 100 ካሬ ጫማ፣ ማለት 9 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። መጽሐፉም ራሱ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትልቅ መጽሐፍ ነበር።

ይሁን እንጂ እኛን ከቍጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀን የአሳቡ ሥርዐት ነው። በፊተኛው ገበታ ላይ ጅራታቸውን የዘረጉ ሦስት ጣዎሶች አሉ፤ የወይን ሐረግም ከብቧቸዋል። ይህ የሕይወት ደስታና ክብር ነው። አንባቢው ገበታውን ሲከፍት በውስጠኛው ገጽ በፖም ዛፍ ላይ የተጠመጠመ እባብ ያገኛል፤ ይህም ከደስታው ኋላ የተሰወረው ፈተና ነው። ግጥሞቹን ጨርሶ ወደ መጨረሻው ገበታ ውስጠኛ ገጽ ሲደርስ የሰው ራስ ቅል ይጠብቀዋል። ከራስ ቅሉ የዐይን ጕድጓድ ግን ፖፒ የሚባለው አበባ በቅሏል። መጽሐፉን ዘግቶ ሲያዞረውም በኋለኛው ገበታ ላይ የፋርስ ክራር መሰል የዜማ መሣሪያ ያያል። እንግዲህ ደስታ፣ ፈተና፣ ሞት፣ ከሞትም በኋላ ዜማ በየተራቸው ቆመዋል። ሳንጎርስኪ የዖመርን አሳብ አንድ ቃል ሳይጽፍ በቆዳና በወርቅ ተናገረው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሥራውን የነቀፉም አልታጡም። ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ወርቅና ዕንቍ ማፍሰስ ከንቱ ትዕቢት ነው የሚል ሰው ቢኖር በቀላሉ የምናልፈው ነቀፋ አይደለም። የዓለምን ብልጽግና ኀላፊነት የሚናገር ግጥም በዕንቍ ማልበስስ ርስ በርሱ የሚጋጭ አይሆንምን? እኛ እንደሚመስለን መልሱ በራሱ በሽፋኑ ውስጥ ይገኛል። ሳንጎርስኪ ዕንቍውን በደጅ፣ የራስ ቅሉን በውስጥ አኖረ። በብልጭታው ተስቦ የመጣ ሰው ገበታውን ሲከፍት የራሱን ፍጻሜ ያያል። ጌጡ የቃሉን እውነት አልሸፈነም፤ እንዲያውም ወደ እርሱ አደረሰ።

ወደ ባሕር የሄደው መጽሐፍ

መጽሐፉ በተፈጸመ ጊዜ የተቈረጠለት ዋጋ 1,000 ፓውንድ ነበር። ነጋዴዎቹ በአሜሪካ ይሸጣል ብለው ወደ ኒው ዮርክ ሰደዱት፤ ነገር ግን የጕምሩክ ሹማምንት ከባድ ቀረጥ ስለ ጠየቁ ክርክር ተነሣና መጽሐፉ ሳይሸጥ ወደ ለንደን ተመለሰ። ከዚያም በማርች 29 ቀን 1912 ለሐራጅ ወጣ። የዋጋው መዝቀዝ እጅግ የሚያሳዝን ነበር፤ ገብርኤል ዌልስ የሚባለው የኒው ዮርክ መጻሕፍት ነጋዴ በ405 ፓውንድ፣ ማለት ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ገዛው። የሁለት ዓመት ድካም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ረከሰ።

ገዢው በአሜሪካ ነበርና መጽሐፉ እንደ ገና በባሕር መሄድ ነበረበት። የተጫነበትም መርከብ ታይታኒክ ሆነ። አንባብያን እንደሚያውቁት ይህ መርከብ በአፕሪል 10 ቀን 1912 ከሳውዝሃምፕተን ተነሥቶ፣ በ14ኛው ሌሊት ከበረዶ ጋራ ጋር ተጋጨና በማግስቱ ሳይነጋ ሰጠመ። ወደ 1,500 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ሁሉ ነፍስ አጠገብ የአንድ መጽሐፍ መጥፋት ትንሽ ነገር መሆኑን አንዘነጋም። የመርከቡ ስብርባሪ በ1985 ከ3,700 ሜትር በላይ በሚጠልቅ የባሕር ወለል ላይ ተገኝቷል፤ መጽሐፉ ግን አልተገኘም።

ሳንጎርስኪም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በደቡብ እንግሊዝ ሴልሲ ቢል በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሳለ ውሃ ወሰደውና ሞተ። ከመርከቡ መስጠም እስከ ሞቱ ድረስ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች መጽሐፉ የተረገመ ነው አሉ። አንዳንዶቹም የጣዎስ ላባ ገዳም አይደለም እያሉ ምክንያቱን በሽፋኑ ሥዕል ላይ አላከኩ። እኛ ግን በሳይንስ ትምህርት ያደግን ተማሪዎች ይህን አሳብ ለመቀበል አንችልም። መርከቡን ያሰጠመው በረዶ ነው፤ ጣዎስ አይደለም። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚወስደው ሰውም በየዓመቱ አለ። በሰው ላይ የደረሰውን መከራ ርግማን ብሎ መሰየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሠራተኛውን ድካም ያስረሳል። ደግሞም የታሪኩ መጨረሻ የሚያሳየው ከርግማን ይልቅ ጽናት ነው።

ሥዕሉና ተተኪው

ሳትክሊፍ ጓደኛው ከሞተ በኋላ የጥረዛ ቤቱን አልዘጋም፤ የሳንጎርስኪንም ስም ከደጁ አላነሣም። በኋላ የእኅቱ ወይም የወንድሙ ልጅ የሆነ ስታንሊ ብሬይ የሚባል ወጣት በዚያ ቤት ሙያ ሊማር ገባ። ብሬይ ታላቁ ዖመር ሲሰጥም ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበርና መጽሐፉን በዐይኑ አላየውም። በ1932 ግን ሳንጎርስኪ የነደፋቸውን የሽፋኑን ሥዕሎች በጥረዛ ቤቱ አገኘ። መጽሐፉ ቢሰጥም አሳቡ በወረቀት ላይ በሕይወት ነበረ።

ብሬይ ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ጊዜ፣ ማታ ማታ፣ እነዚያን ሥዕሎች እየተከተለ ሁለተኛ ቅጂ ለመሥራት ተነሣ። ሰባት ዓመት ያህል ፈጀበትና በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣበት ዓመት፣ ፈጸመው። መጽሐፉ ከአደጋ እንዲድን ብለው በለንደን ከተማ መካከል በሚገኝ ጽኑ የመሬት ውስጥ ግምጃ ቤት አኖሩት። ነገር ግን በ1941 ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ሰፈሩን አቃጠለው። ሣጥኑ ሲከፈት ዕንቍዎቹ ደኅና ነበሩ፤ ቆዳው ግን ከእሳቱ ግለት የተነሣ ጠቍሮና ተኰማትሮ ተገኘ። የመጀመሪያውን ውሃ፣ ሁለተኛውን እሳት በላው።

በዚህ ጊዜ ብሬይ ተስፋ ቢቈርጥ ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን ከእሳት የተረፉትን ዕንቍዎች አስቀመጣቸው። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከሥራ ጡረታ ሲወጣ፣ ያንኑ ሥዕል እንደ ገና በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሦስተኛውን ቅጂ 4,000 ሰዓት ያህል ደክሞበት በ1989፣ ዕድሜው ከ80 ዓመት ባለፈ ጊዜ ፈጸመው። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። ብሬይ በ1995 ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

አንባቢ እንደ ተመለከተው፣ ከሳንጎርስኪ እጅ የወጣው ታላቁ ዖመር ዛሬ የለም። ያለው በሌላ ሰው እጅ የተሠራው ነው። ታዲያ ሳንጎርስኪ ምን ተረፈው? ሥዕሉና ሙያው ተረፉት። ከሞሪስ ቤት ተነሥቶ ወደ ኮብደን ሳንደርሰን፣ ከእርሱ ወደ ኮከረል፣ ከኮከረል ወደ ሳንጎርስኪና ሳትክሊፍ፣ ከእነርሱም ወደ ብሬይ የሄደው የእጅ ትምህርት በውሃም በእሳትም አልጠፋም። መኪና የሠራው ነገር ሲጠፋ በመኪና ይተካል፤ እጅ የሠራው ነገር ሲጠፋ ግን የሚተካው ሌላ እጅ ተምሮ ከቈየ ብቻ ነው። መምህርና ተማሪ የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን በስድብ ስም ይጠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1908 ነበር። ከዐዋጁ በኋላ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ከእኛ ከተማሪዎች መካከል እንኳ ትምህርት ማለት ከእጅ ሥራ መዳኛ የሚመስለው አይጠፋም። የእንግሊዙ የሕግ ጠበቃ መጽሐፍ ለመስፋት ጥብቅናውን መተዉን፣ ሁለቱም ወጣቶች ቀን ሠርተው ማታ መማራቸውን ስንመለከት ግን አእምሮና እጅ የተጣሉ እንዳይደሉ እንረዳለን። ጠራዡ መጽሐፉን በትክክል ለማልበስ ቃሉን መረዳት አለበት፤ ቃሉም ለልጅ ልጅ ለመድረስ የጠራዡ እጅ ያስፈልገዋል።

በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ ሥራ እንበተናለን። ከመካከላችን ሐኪም፣ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን አለ፤ ባለ እጅ የሚሆንም ይኖር ይሆናል። ለሁላችንም የሳንጎርስኪ ሕይወት አንድ ምክር ይሰጠናል፤ ሥራችን የጠፋ ቢሆን እንኳ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊቀጥለው እንዲችል ሥዕሉን በትክክል ነድፈን፣ ሙያውንም ሳንሰስት አስተምረን እንለፍ። ወላጆችም ልጃቸው መዶሻ ወይም መርፌ ሲያነሣ ቢያዩ ትምህርቱ ባከነ ብለው እንዳያዝኑ በትሕትና እናሳስባለን።